ፕሬዚዳንቶቹ የወጡባቸው በሮች፦ የቺሊ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሳንቲያጎ

ከትናንት በስቲያ እሑድ የቺሊ ሕዝብ በአዲስ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ 62 ያህሉ «አልቀበልም» ብሏል። ረቂቁ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን በብዙ በኩል የሚነካ ነበር። ሴኔቱን አፍርሶ በክልሎች ምክር ቤት ይተካ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አንድ ጊዜ በተከታታይ እንዲመረጡ ይፈቅድ ነበር፤ ገንዘብ የሚጠይቁ ሕጎችን የማመንጨት መብትንም በከፊል ለፓርላማው ያካፍል ነበር። ይህ ሁሉ ቀረ። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን በ1980 የወጣው፣ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሥራውን ቀጥሏል። (የቺሊን ታሪክ ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የጉዞዬን ቀናት ግን በእኛው።)

ፕሬዚዳንት ጋብሬል ቦሪክ የረቂቁ ደጋፊ ስለነበሩ ሽንፈቱ የእርሳቸውም ሆነ። ሥልጣን በያዙ ገና በስድስተኛው ወር፣ ዛሬ ካቢኔያቸውን በወዙት። በመሐል ከተማ በሚገኝ አንድ ካፌ ውስጥ ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን ስከታተል፣ ከተባለው ሰዓት በጣም ዘግይቶ ነበር የተጀመረው። ምሳ የሚበሉት ሰዎች ሹካቸውን አስቀምጠው ያዩ የነበረው አንዲት ሴት ስትሾም ነው፦ አዲሷ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ካሮሊና ቶሃ።

ቺሊ በምርጫ የሚመጣ ምክትል ፕሬዚዳንት የላትም። ፕሬዚዳንቱ ከአገር ሲወጡ፣ ሲታመሙ ወይም ሲሞቱ ቦታውን የሚሸፍነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው፤ ለዚያ ጊዜም «ምክትል ፕሬዚዳንት» ይባላል። ስለዚህ ዛሬ የተሾመችው ሚኒስትር ከፕሬዚዳንቱ ቀጥላ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። አባቷ ሆሴ ቶሃ፣ በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት በወደቁት በፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አሌንዴ ዘመን የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ በኋላም የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ታስረው፣ በማርች 1974 በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። የእርሷ ዕድሜ ያኔ ገና የሕፃንነት ነበር። ካፌው ውስጥ ይህን ታሪክ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዕድሜ የገፉት ሰዎች ፊት ላይ ይነበባል።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 2፣ ላ ሞኔዳ

የፕሬዚዳንቱ ቤት ከፍ ብሎ የሚታይ ግንብ የለውም፤ ተራራ ላይም አልተሠራም። ዝቅ ብሎ በሰፊው የተዘረጋ፣ መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ፈዛዛ ነጭ ሕንፃ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሆአኪን ቶኤስካ ሥራውን ሲጀምር፣ በ1784፣ የታሰበው የስፔን ንጉሥ ሳንቲም የሚመታበት ቤት እንዲሆን ነበር። ቶኤስካ ፍጻሜውን ሳያይ በ1799 ሞተ፤ ሕንፃው ያለቀው በ1805 ነው። ፕሬዚዳንት ማኑኤል ቡልኔስ በ1845 መኖሪያቸውንና ቢሯቸውን ወደዚህ አዛወሩ። ሳንቲም መምታቱም ግን እስከ 1929 ድረስ አልቆመም። ለ80 ዓመት ያህል የአገሪቱ መሪና የአገሪቱ ገንዘብ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል።

ቀደም ብሎ ለተመዘገበ ጎብኚ በሩ ክፍት ነው። አረንጓዴ ደንብ ልብስ የለበሱት ካራቢኔሮዎች፣ ማለትም የቺሊ ፖሊሶች፣ መታወቂያ አይተው አሳለፉን። መጀመሪያ የመድፎቹ ግቢ፣ ቀጥሎ የብርቱካን ዛፎቹ ግቢ። ክረምቱ ገና እያለቀ ስለሆነ ዛፎቹ ላይ ብርቱካን ተንጠልጥሏል። ሠራተኞች ፋይል ታቅፈው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። የትናንቱ ሹም ሽር ያመጣው ጥድፊያ ይመስላል።

አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት። በ1973 አውሮፕላኖች የደበደቡት የቱን ክፍል እንደሆነ ጠየቅኋት። በእጇ ከሰሜኑ ፊት ጀምራ በጣሪያው ላይ ሰፊ ክብ ሠራች። ሕንፃው ከውስጥ ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ የምናየው ታድሶ በ1981 የተከፈተው ነው። አሌንዴ ሕይወታቸው ያለፈበት «የነጻነት አዳራሽ» የሚባለው ክፍል በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። በዕለቱ ስብሰባ ስለነበር ወደዚያ አልወጣንም።

ፕሬዚዳንቶች እዚህ የኖሩት እስከ 1958 ነው። በዚያ ዓመት የተመረጡት ሆርሄ አሌሳንድሪ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የአርቱሮ አሌሳንድሪ ልጅ፣ ከነበሩበት አፓርታማ መልቀቅ አልፈለጉም። አፓርታማቸው ከዋናው አደባባይ ከፕላሳ ደ አርማስ ጎን ነበር። ከዚያ እየተነሡ ወደ ቢሯቸው በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። ኮትና ሻርፕ ለብሰው በሰው መካከል የሚያልፉ ፕሬዚዳንት ምስል በቺሊ ሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ዛሬም አለ። ከሰዓት በኋላ መንገዱን ሄጄ አየሁት፤ አጭር ነው፤ ሱቅና ሰው የበዛበት ነው። የዛሬው ፕሬዚዳንትም የሚኖሩት በቤተ መንግሥት አይደለም፤ ዩንጋይ በሚባል አሮጌ ሰፈር ነው።

ወደ ሆቴል ስመለስ የፕሬዚዳንቶቹን ስም ዝርዝር በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከሁሉም አጠገብ ልጽፍ የፈለግሁት እንዴት እንደገቡ ሳይሆን እንዴት እንደወጡ ነው። መግባትማ ብዙ መንገድ አለው። የአንድ አገር ሥርዓት የሚታወቀው ግን ሰውየው ሲወጣ ነው፤ በእግሩ ወይስ በቃሬዛ፣ በቀኑ ወይስ ካለቀኑ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን 3፣ የሞራንዴ ጎዳና

ሞራንዴ ከላ ሞኔዳ ምሥራቃዊ ጎን ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ጠባብ ጎዳና ነው። ጥቂት ብሎክ ብቻ ተጉዤ ሁለት ትልልቅ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ደረስኩ፦ በአንድ በኩል የፍርድ ቤቶች ቤተ መንግሥት፣ በሌላው በኩል አምደ ብዙው የቀድሞ ፓርላማ።

የፍርድ ቤቱ ሕንፃ በቆመበት ቦታ ላይ ድሮ «ኮንሱላዶ» የሚባል የነጋዴዎች ሸንጎ ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 1823 የሳንቲያጎ ታላላቅ ሰዎች እዚያ ተሰብስበው የነጻነቱን ጀግና ቤርናርዶ ኦሂጊንስን አስጠሩ። ኦሂጊንስ ያኔ ማዕረጋቸው «የበላይ ዳይሬክተር» ነበር፤ ስድስት ዓመት ገዝተዋል። ደቡቡም ሰሜኑም አምጾባቸው ነበር። መጀመሪያ ተቆጡ፤ የዚህን ስብሰባ ሥልጣን አላውቅም አሉ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ግን የሥልጣን መታጠቂያቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቀጥለውም ደረታቸውን ከፍተው፣ የበደልኩት ካለ እዚሁ ይበቀለኝ የሚል ቃል ተናገሩ። ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ ምንም ቂም የለንም ብሎ መለሰ። ወደ ፔሩ ሄዱ። በ1842 ሊማ ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ አገራቸውን ዳግም አላዩም። የቺሊ የመሪነት ታሪክ በዚህ አወጣጥ መጀመሩን እወድደዋለሁ፤ ጦር እያላቸው መታጠቂያቸውን በገዛ እጃቸው የፈቱ ሰው ናቸው።

«የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት» የሚለውን ማዕረግ መጀመሪያ የያዙት በ1826 ማኑኤል ብላንኮ ኤንካላዳ ናቸው፤ ሁለት ወር ብቻ ቆዩ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ዓመታት ሽብር የበዛባቸው ነበሩ። የ1833ቱ ሕገ መንግሥት ለዚህ መልስ ሆኖ መጣ፦ ጠንካራ ፕሬዚዳንት፣ የአምስት ዓመት ዘመን፣ አንድ ጊዜ ዳግም መመረጥ። ሹመቱም የምርጫው ልጓምም በፕሬዚዳንቱ እጅ ስለነበር ተቀናቃኝ የሚያሸንፍበት መንገድ አልነበረም። ፕሪዬቶ፣ ቡልኔስ፣ ሞንት፣ ፔሬስ፦ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ዓመት ገዝተው ከ1831 እስከ 1871 ደረሱ። ሁሉም ግን ቀናቸው ሲደርስ ወጡ። በ1871 ደግሞ በተከታታይ መመረጥ ተከለከለ፤ ክልከላው ዛሬም የቺሊ ፖለቲካ ምሰሶ ነው።

ፊት ለፊት ያለው አምደ ብዙ ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1876 ነው። አጥሩ ውስጥ ያለው የአትክልት ስፍራ ለዐይን ያረፈ ነው። ባለፈው እሑድ ውድቅ የሆነው ረቂቅ የተጻፈው እዚህ ውስጥ ነበር። የአሌንዴም ዕጣ የተወሰነው እዚሁ ነው። በ1970 ምርጫ አሌንዴ አንደኛ ቢወጡም ያገኙት ድምፅ ከመቶ 37 አይሞላም ነበር። በጊዜው ሕግ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ከሁለቱ ቀዳሚዎች አንዱን የሚመርጠው ፓርላማው ነው። ኦክቶበር 24 ቀን 153 ድምፅ ለአሌንዴ፣ 35 ለአሌሳንድሪ ተሰጠ። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ጄኔራል ሬኔ ሽናይደር በመኪናቸው ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተመትተው ነበር፤ ፓርላማው ድምፅ በሰጠ ማግስት ሞቱ። ጥፋታቸው ሠራዊቱ ሕገ መንግሥቱን ያከብራል ማለታቸው ነበር። በእነዚያ ዓምዶች ሥር ቆሜ ስለ ሽናይደር ብዙ አሰብኩ። በቺሊ ፕሬዚዳንትነት ታሪክ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ ትልቅ ቦታ ያላቸው ሰው ናቸው።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 4፣ ቫልፓራይሶ

ወደ ባሕሩ የሚወስደው አውቶቡስ ጥሩ ነው። ዋሻ አልፈን የካሳብላንካ ሸለቆ የወይን እርሻዎች መጡ፤ ቅጠል ገና አላወጡም። ቫልፓራይሶ ከመድረሳችን በፊት በመስኮቴ በኩል ያለፈውን ትንሽ ከተማ ለማየት ነቅቼ ነበር የምጠብቀው፤ ስሙ ፕላሲያ ነው።

በ1891 የቺሊ ሰዎች እዚህ እርስ በርስ ተላለቁ። ምክንያቱ በጀት ነው ቢባል የሚያምን ይኖር ይሆን? ፕሬዚዳንት ሆሴ ማኑኤል ባልማሴዳ ከናይትሬት በሚገኘው ገቢ ትምህርት ቤትና የባቡር መስመር የሚያስፋፉ፣ ነገር ግን ማንንም የማያስጠጉ ሰው ነበሩ። ፓርላማው የ1891ን በጀት ሳያጸድቅ አስቀረባቸው። እርሳቸውም በጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል ብለው በአዋጅ ወሰኑ። በቀናት ውስጥ ባሕር ኃይሉ ከፓርላማው ወገን ቆሞ መልሕቁን ነቀለ። ምድር ጦሩ አብዛኛው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቀረ። ስምንት ወር ያህል ተዋጉ። ኦገስት 28 ቀን ፕላሲያ ላይ የፕሬዚዳንቱ ጦር ተሰበረ።

ባልማሴዳ ሳንቲያጎ በሚገኘው የአርጀንቲና ልዑክ ቤት ተጠለሉ። እዚያ ተደብቀው ሦስት ሳምንት ቆዩ። የሥልጣን ዘመናቸው የሚያበቃው ሴፕቴምበር 18 ነበር። ያ ቀን እስኪያልፍ ጠብቀው በማግስቱ ጠዋት ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የተሸነፉ፣ የሚፈለጉ ሰው ሆነው እንኳ በፕሬዚዳንትነት መሞትን አልፈለጉም፤ ወይም ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ፕሬዚዳንት ሆነው መቆየትን ፈለጉ። የትኛው እንደሆነ ቺሊያውያን ዛሬም ይከራከራሉ።

ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ከምናምን ፓርላማው ነገሠ። ፕሬዚዳንቱ ላ ሞኔዳ ተቀምጠው ሚኒስትሮቻቸው በላይ በላዩ ሲወድቁ ያያሉ። በ1925 አዲስ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለፕሬዚዳንቱ መለሰ፤ ዘመኑም ስድስት ዓመት ሆነ። ዛሬ ደግሞ በጀቱን በተመለከተ ያለው ደንብ የባልማሴዳን ጦርነት ፈጽሞ የገለበጠ ነው። ፓርላማው በጀቱ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ ካልጨረሰ የፕሬዚዳንቱ ረቂቅ እንዳለ ሕግ ይሆናል። መቀነስ ይችላል፤ መጨመር አይችልም። ገንዘብ የሚያስወጣ ሕግ ማመንጨትም የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው። የትኛው ሕግ በአስቸኳይ ይታይ የሚለውንም የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። በፕላሲያ ያሸነፈው ፓርላማ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን በመጨረሻ ያሸነፉት ባልማሴዳ ሆኑ።

የፓርላማው አዲስ ሕንፃ ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ነው። በአሮጌ ቆርቆሮ ቤቶችና በደማቅ ቀለማቸው በሚታወቀው በዚህ ከተማ መካከል እንዲህ ያለ የኮንክሪት ክምር መቆሙ ያሳዝናል፤ ይህን ሳልለው ማለፍ አልችልም። ከሳንቲያጎ አርቆ እዚህ ያቆመው አሌንዴን የገለበጠው የጄኔራል ፒኖቼት ወታደራዊ መንግሥት ነው። ሥራ የጀመረው ዴሞክራሲ በተመለሰበት በ1990 ነው። 155 የሕዝብ ተወካዮችና 50 ሴናተሮች ለስብሰባ እዚህ ይመጣሉ፤ ሚኒስትሮች ከዋና ከተማው በመኪና ይመላለሳሉ።

የፕሬዚዳንቶቹ የሥልጣን ርክክብ የሚደረገውም በዚህ ሕንፃ የክብር አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ቀኑም ማርች 11 ነው። ሦስት ቀለም ያለው መታጠቂያ በደረት ላይ ሲያርፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይሽቀዳደማሉ። የሥልጣኑ እውነተኛ ምልክት ግን ከመታጠቂያው ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ኮከብ ናት። አምስት ጫፍ ያላት፣ በቀይ ኢናሜል የተለበጠች፣ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ። በኦሂጊንስ ስም ትጠራለች። መታጠቂያ ለእያንዳንዱ ፕሬዚዳንት በአዲስ ይሰፋል፤ ኮከቧ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ጥንታዊቷ ኮከብ በ1973 ላ ሞኔዳ ሲቃጠል ጠፍታለች። ዛሬ የምትተላለፈው በአምሳያዋ የተሠራች ናት።

በ1990 ይህችን ኮከብ ለፓትሪሲዮ ኤይልዊን ያስረከቡት አውጉስቶ ፒኖቼት ናቸው። ከዚያ በፊት ኦክቶበር 5 ቀን 1988 ሕዝቡ፣ ጄኔራሉ ስምንት ዓመት ይጨምሩ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ ከመቶ 56 ያህሉ «አይሆንም» ብሎ ነበር። ከፕሬዚዳንትነት ወጡ እንጂ ከሥልጣን አልወጡም። እስከ ማርች 1998 ድረስ የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ሆነው ቆዩ። ደንብ ልብሱን ባወለቁ ማግስት እዚሁ ሕንፃ ውስጥ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነው ማሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ለንደን ላይ ተያዙ። በ2006 ሲሞቱ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠው የመንግሥት ቀብር ተከለከሉ። ወታደራዊ ክብር ብቻ አገኙ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 5፣ መነጽሩና መቃብሩ

በፕላሳ ደ አርማስ የሚገኘው ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ብዙ ነገር አለው፤ እኔ የሄድኩት ለአንድ ዕቃ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ብርሃን ከላይ ወርዶበት፣ የአሌንዴ መነጽር ተቀምጧል። ግማሹ ነው ያለው። ወፍራም ጥቁር ፍሬም፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሌላው የለም። ከላ ሞኔዳ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘ ነው። አንድ አባት ልጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። ልጁ «ሌላው የት አለ?» ሲል ሰማሁት። አባትየው አልመለሱለትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጠቅላላ መካነ መቃብሩ ሄድኩ። ኦሂጊንስ በ1821 ያቋቋሙት ነው። በዛፍ በተሸፈኑት መንገዶቹ ላይ ከቆዩት ፕሬዚዳንቶች አብዛኞቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ባልማሴዳም ኤይልዊንም እዚህ ናቸው። የአሌንዴ መቃብር ቁመቱ ከሩቅ የሚታይ ነጭ እብነ በረድ ነው። በ1973 ግን በቪኛ ዴል ማር መቃብር ስም ሳይጻፍበት፣ ከጥቂት ቤተሰብ በቀር ሰው ሳይቆምበት ነበር የተቀበሩት። ወደዚህ የመጡት ዴሞክራሲ ከተመለሰ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1990 ነው። በመግቢያው አቅራቢያ የተገደሉትና ደብዛቸው የጠፋው ሰዎች ስም የተቀረጸበት ግዙፍ ግንብ አለ። አንዲት እናት ስም እየፈለጉ ሳይሆን፣ የሚያውቁትን ስም በመሐረብ ሲወለውሉ አየሁ።

እሑድ፣ መስከረም 1 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሞራንዴ 80

ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው። ለቺሊ የሐዘን ቀን ነው። የ1973ቱ ሴፕቴምበር 11ም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1966 ነበር፤ የአዲስ ዓመት ዕለት። ልክ ዓመት ከአንድ ቀን ሲሆነው፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ጠዋት ከቤተሰቦቼ ጋር «እንኳን አደረሳችሁ» ከተባባልኩ በኋላ ይህን እያሰብኩ ወደ ላ ሞኔዳ ወረድኩ።

በሞራንዴ ጎዳና ላይ፣ ቁጥሩ 80 የሆነ ጠባብ በር አለ። የተሠራው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቶች በዋናው በር የሚገባውን የክብር ዘብ ሥነ ሥርዓት ሳይጠብቁ እንደ ማንኛውም ዜጋ የሚገቡበትና የሚወጡበት በር ነበር። በዚያ ማክሰኞ ባሕር ኃይሉ ከንጋት በፊት ቫልፓራይሶ ላይ ተነሣ። አሌንዴ ማለዳ ላ ሞኔዳ ገቡ። ከአገር የሚወጡበት አውሮፕላን ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። በሬዲዮ ማጋያኔስ ሕዝቡን ተሰናበቱ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የሃውከር ሃንተር አውሮፕላኖች ሕንፃውን ደበደቡ። ከዚያ አሌንዴ አብረዋቸው ያሉትን እንዲወጡ አዝዘው ራሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ። በ2011 አስከሬናቸው ወጥቶ በባለሙያዎች ሲመረመር ራሳቸውን መግደላቸው ተረጋግጧል። በሽመና ጨርቅ ተሸፍነው፣ በቃሬዛ ላይ ሆነው፣ ወታደሮችና እሳት አደጋ ሠራተኞች ተሸክመዋቸው የወጡት በዚህ በሞራንዴ 80 ነው።

ቤተ መንግሥቱ ሲታደስ በሩ ተደፍኖ ግድግዳ ሆነ። ቁጥር እንኳ አልቀረለትም። ፕሬዚዳንት ሪካርዶ ላጎስ አስከፍተው፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003፣ በሠላሳኛው ዓመት፣ በበሩ አለፉ። ለላጎስ ትልቅ አክብሮት ያደረብኝ በዚህ ነው። ሐውልት ማቆም ይቀል ነበር፤ እርሳቸው ግን የተደፈነውን በር ከፈቱ።

ዛሬ ደረጃው ላይ ቀይ ካርኔሽን አበባ ተከምሯል። ሰዎች ተራ ይዘው ይመጣሉ፤ አበባቸውን ያኖራሉ፤ ጥቂቶች በሩን በመዳፋቸው ይነካሉ። አንድ ሽማግሌ የሚወዱትን ሰው ስም ሦስት ጊዜ ጮኸው ጠሩ። ሰልፈኛው ሦስት ጊዜ «አለ!» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ሰልፉ ወደ መካነ መቃብሩ አቀና። እኔም አበባዬን አኑሬ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ መስከረም 4፣ ቪያ ግሪማልዲ

በተራሮቹ ግርጌ ፔኛሎሌን በሚባለው የከተማው ክፍል ያለ መናፈሻ ነው። በፒኖቼት ዘመን የምስጢር ፖሊሱ የማሰቃያ ቦታ ነበር። ከዚህ ገብተው ደብዛቸው የጠፋና የተገደሉ ከ200 በላይ ናቸው። በጽጌረዳ አትክልቱ ውስጥ እያንዳንዱ ተክል የአንዲት ሴት ስም አለው።

በ1975 መጀመሪያ ላይ ሚሼል ባችሌት ከእናቷ ጋር እዚህ ታስራ ነበር። አባቷ የአየር ኃይል ጄኔራል አልቤርቶ ባችሌት ለአሌንዴ ታማኝ ሆነው በመቆየታቸው በ1974 በእስር ሞተዋል። የሕክምና ተማሪዋ ባችሌት በ2002 የመከላከያ ሚኒስትር፣ በ2006 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በዚያው ዓመት ወደዚህ ቦታ ተመልሳ በፕሬዚዳንትነት ጎበኘችው። ሁለት ጊዜ ገዛች። ሁለቱንም ጊዜ ቀኗ ሲደርስ ኮከቧን ለተቀናቃኝዋ ለሴባስቲያን ፒኜራ አስረከበች። እኛ ኢትዮጵያውያን ስሟን ይበልጥ የምናውቀው በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነርነቷ፣ በትግራዩ ጦርነት ላይ በወጣው የጋራ ሪፖርት ነው። ያን ሥራዋንም የለቀቀችው ገና ባለፈው ወር ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 9፣ ኦሂጊንስ መናፈሻ

ከተማው ሙሉ ባንዲራ ሆኗል። ትናንት የነጻነት በዓል ነበር፤ ዛሬ የሠራዊቱ ቀን ነው። ቤተሰቦች ብርድ ልብስና ምግብ ይዘው መናፈሻውን ሞልተውታል። የሥጋ ጥብስ ጭስ በየቦታው ይነሣል።

ወታደራዊውን ሰልፍ የሚመሩት ጄኔራል ከመጀመራቸው በፊት ወደ ፕሬዚዳንቱ ይቀርባሉ። ቀጥ ብለው ቆመው ሰልፉን ለመጀመር ፈቃድ ይጠይቃሉ። የተማሪዎች ንቅናቄ መሪ የነበሩት፣ ከረባት የማያስሩት የ36 ዓመት ወጣት ፈቃዱን ይሰጣሉ። ከዚያ በፈረስ የመጡ የገጠር ሰዎች በቀንድ የተቀዳ ጠላ መሰል ቺቻ ያቀርቡላቸዋል፤ ይጎነጫሉ። በዚህ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትሯ ማያ ፈርናንዴስ ናት፤ የአሌንዴ የልጅ ልጅ። ከጎኔ የቆመች ጎልማሳ ሴት ይህን ስትነግረኝ ጣቷን ወደ ክብር ትሪቡኑ ቀስራ ነው። አያቷን በቦምብ የደበደበው ሠራዊት ሚኒስትሯ ሆና ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣታል። ሴትየዋ ይህን ብላ እጇን በደረቷ ላይ አደረገች።

ፕሬዚዳንቱ ነገ ኒው ዮርክ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይናገራሉ። በሌሉበት የሚተኩት ካሮሊና ቶሃ ናቸው። ሕጉ ለቦሪክ የሰጣቸው አራት ዓመት ነው፤ በተከታታይ መመረጥ አይችሉም፤ ማርች 11 ቀን 2026 ቫልፓራይሶ ሄደው ኮከቧን ያስረክባሉ። ያኔ 40 ዓመታቸው ነው። ከ2005ቱ ማሻሻያ በፊት በነበረው ደንብ ቢሆን ኖሮ፣ ለመወዳደር የሚፈቅድ ዕድሜ ላይ የሚደርሱት ገና ያን ጊዜ ነበር።